ገምጋሚ ያጣ መዝገብ

በትልልቅ የኦዲት ድርጅቶች አንዱ ያዘጋጃል፣ ሌላው ይገመግማል፣ ሦስተኛው ይፈርማል። እንደኔ በአንዲት ክፍል ቢሮ ውስጥ የነጋዴ መዝገብ ለሚይዝ ባለሙያ ግን ሦስቱም አንድ ሰው ነው። ሐምሌ ሲገባ ያ ሰው ደክሟል። የደከመ ዓይን ደግሞ ትናንት ራሱ የጻፈውን ሲያነብ ስሕተቱን ያልፈዋል።

የሰው ሠራሽ አስተውሎት ረዳት ወደ ሥራዬ ሳስገባ ብዙ ያሰብኩት የትኛውን ወንበር ልስጠው በሚለው ላይ ነበር። ብዙዎቹ የሙያ ጓደኞቼ አዘጋጅነቱን ይሰጡታል፤ ፔይሮሉን እሱ ይሠራል፣ እነሱ ያያሉ። እኔ ገልብጬዋለሁ። መዝገቡን እኔ እዘጋለሁ፣ እሱ ይጠይቀኛል።

ምክንያቴን በደመወዝ ግብር ላስረዳ። ወርሃዊ ደመወዙ 12,000 ብር የሆነ ሠራተኛ ስንት ይቆረጥበታል ብዬ ስጠይቀው፣ እርከን በእርከን የተሠራ ሰንጠረዥ አውጥቶ 2,700 ብር ብሎኛል። ድምሩ እንከን የለውም። ግን የሠራው በአዋጅ ቁጥር 979/2008፣ ከግብር ነፃው ደመወዝ 600 ብር በነበረበት ስሌት ነው። በማሻሻያው አዋጅ ቁጥር 1395/2017 ነፃው መጠን 2,000 ብር ሆኗል፣ እርከኖቹም ተቀይረዋል፤ ትክክለኛው ግብር 2,250 ብር ነው። ዝም ብዬ ባልፈው ኖሮ ሠራተኛው በየወሩ 450 ብር ያላግባብ ይቆረጥበት ነበር። ሰንጠረዡ የተዝረከረከ ቢሆን ማንም ይጠረጥረዋል፤ የሚያዘናጋው ማማሩ ነው። አዘጋጁ እሱ ገምጋሚው እኔ ስንሆን ዓይኔ እንደሚሰንፍ ያየሁት እዚህ ላይ ነው።

የዘመን አቆራረጡም እንዲሁ ያሳስበኛል። የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ይከፈታል፣ ይህም በፈረንጆቹ ጁላይ 8 ነው። የአስመጪ ደንበኛ ኢንቮይስ ጁላይ 3 ተብሎ ቢመጣና ዕቃው በዚያው ቀን መጋዘን ቢገባ፣ ቀኑ ሰኔ 26 ነውና ግዢው የሚመዘገበው በሚዘጋው ዓመት ነው። ረዳቱ ጁላይን በሙሉ ሐምሌ አድርጎ ከወሰደው ግዢው ወደ አዲሱ ዓመት ይሻገራል፣ የሰኔ 30 የዕቃ ቆጠራም ከመዝገቡ ጋር አይገጥምም። ስለዚህ ሁለቱን ቀኖች ጎን ለጎን ጽፌ ካልሆነ አልሰጠውም።

በገምጋሚው ወንበር ሳስቀምጠው ግን በጣም እወደዋለሁ። የተዘጋውን የወጪ መዝገብ እሰጠውና ምን ጎደለ፣ ምን ተደገመ፣ ከሌሎቹ ወራት ያፈነገጠው የቱ ነው እለዋለሁ፤ ጥያቄ ብቻ እንዲያወጣ፣ መልሱን እንዳይገምት አጥብቄ አዘዋለሁ። አንድ ጊዜ የግንቦት የሱቅ ኪራይ የት ሄደ ብሎ ጠየቀኝ። ለባለሱቋ ደንበኛዬ ደወልኩ።

«እትዬ፣ የግንቦትን ኪራይ ከፍለዋል?»

«ከመሳቢያው አውጥቼ ነው የሰጠሁት ልጄ። ደረሰኙ እኮ ቤት ነው ያለው!»

መሳቢያው በየትኛውም ፋይል ውስጥ የለም። ረዳቱ ክፍተቱን አየ፣ ምክንያቱን ግን መናገር የቻሉት እሳቸው ብቻ ናቸው። ያ ወጪ ሳይያዝ ቢቀር ኖሮ ባላተረፉት ገንዘብ ላይ ግብር ይከፍሉ ነበር።

ከሚያወጣቸው ጥያቄዎች ብዙዎቹ ባዶ ናቸው። ጳጉሜን ላይ ለምን ደመወዝ አልተከፈለም ብሎ ይጠይቃል። አልከፋበትም፤ አገራችንን የማያውቅ ገምጋሚ ቢመጣ ያንኑ ይጠይቅ ነበር፣ መልሱም ከአንድ መስመር አያልፍም።

የሰው ስም፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና የባንክ ሒሳብ ቁጥር ግን ወደ እሱ አይሄድም፤ «ሠራተኛ 1»፣ «አቅራቢ ለ» እያልኩ እተካቸዋለሁ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ። አዋጁ ባይኖርም ነጋዴው ገመናውን ያመነው እኔን ነው።

ለልምምድ የመጣችውን ወጣት የባንክ ማስታረቁን መጀመሪያ በእጇ አሠራታለሁ። ያልተመነዘረውን ቼክ፣ ባንኩ የቆረጠውን የአገልግሎት ክፍያ አንድ በአንድ ትፈልጋለች፤ ቀርፋፋ ሥራ ነው፣ ታማርራለችም። ከጨረሰች በኋላ መዝገቡን ለረዳቱ እናሳየዋለን። አሁን አሁን ከጥያቄዎቹ የትኛውን እዚያው እንደምትመልስ፣ በየትኛው ደግሞ ለደንበኛው መደወል እንዳለባት ሳትጠይቀኝ መለየት ጀምራለች።