ፍቅርና እምነት በአንድ እንጉርጉሮ

ለሰርግም ለቀብርም የሚዘፈን እንጉርጉሮ ብዙ አይገኝም። የካናዳዊው ባለ ቅኔ የሌናርድ ኮኸን «ሃሌ ሉያ» ግን በምዕራባውያን አገሮች ለሁለቱም ሲዘፈን ይሰማል። ኮኸን በ1934 ዓ.ም. በሞንትሪያል ከተማ ከአይሁድ ቤተ ሰብ ተወልዶ በ2016 ያረፈ ሲሆን፥ ይህን ዘፈን ያወጣው በ1984 ነው፤ ዘመኖቹ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። ዘፈኑ የፍቅር ነውን ወይስ የእምነት? እያሉ ብዙዎች ይከራከሩበታል፤ እኛም የመሰለንን በአጭሩ እናቀርባለን።

ሃሌ ሉያ በዕብራይስጥ «እግዚአብሔርን አመስግኑ» ማለት ነው። ግጥሙ የሚጀምረው በንጉሥ ዳዊት ዜማ ነው፤ ቀጥሎም ከሰገነት ሆኖ የምትታጠብ ሴት ያየው ይኸው ንጉሥና በሴት ምክንያት ጠጕሩን ያጣው ሶምሶን በአንድነት ይታወሳሉ። ዳዊት መድገም ለለመደ አንባቢ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ በኦርዮ ሚስት የበደለው ንጉሥ፥ በእኛ መጽሐፍ 50ኛ ሆኖ የተቈጠረው የንስሐ መዝሙር ባለቤት ነውና። የወደቀውም ያመሰገነውም አንድ ሰው ነው።

ቅኔ የሚያውቅ ሰው፥ «ሰሙ ፍቅር፥ ወርቁ እምነት ነው» ብሎ ሰሙን አቅልጦ ሊጥለው ይፈልግ ይሆናል። እኛ ግን በዚህ አንስማማም። በዚህ ዘፈን ሰሙ ከተጣለ ወርቁም አብሮ ይጠፋል፤ ምስጋናው የሚወጣው ከዚያው ከተሰበረው ፍቅር ነውና።

ለዚህ ማስረጃችን የዘፈኑ መጨረሻ ነው። ጆን ኬል በ1991፥ እርሱንም ተከትሎ ጄፍ በክሊ በ1994 ሲዘፍኑት፥ የ1984ን የመጨረሻ አንጓ ትተው ኮኸን ከጻፋቸው ከሌሎቹ ስንኞች ተጠቅመዋል። በዚህም ምክንያት ዘፈናቸው በፍቅር በተሸነፈ ሰው ምሬት ያበቃል። በቀደመው መጨረሻ ግን ተናጋሪው የተቻለውን ያህል መሞከሩን፥ ሙከራውም አለመሙላቱን ተናዝዞ፥ ከምስጋና በቀር ሌላ ቃል ሳይዝ በዜማ ጌታ ፊት ለመቆም ይነሣል። የበክሊ ድምፅ ልብን የሚያባባ መሆኑን አንክድም፤ ነገር ግን የተቈረጠው አንጓ የነገሩ መደምደሚያ ነበር።

ስለዚህ ግጥም የሚያስተምሩም የሚማሩም ሁሉ፥ የአንድን ዘፈን ትርጕም ከመፍረዳቸው በፊት የትኛውን መጨረሻ እንደ ሰሙ አስቀድመው ይጠይቁ። ሐዘኑን ብቻ ሰምቶ የሚነሣ አድማጭ ኑዛዜውን ሰምቶ ምስጋናውን ሳይሰማ እንደሚሄድ ሰው ነው።