አንድ ጓደኝነት፣ አንድ ረድፍ

ሰቆጣ ያለ ወጣት ኒሯቅ ላለ የትምህርት ቤት ባልንጀራው የጓደኝነት ጥያቄ ይልካል፤ ያኛውም ይቀበላል። በስልካቸው ላይ ነገሩ በዚህ ያልቃል። ይህን ጓደኝነት መዝግቦ የሚይዘው የዳታቤዝ ሠንጠረዥ ግን ቀረብ ብለው ቢያዩት ብዙ የታሰበበት ሥራ ነው።

መጀመሪያ የተጠቃሚዎች ሠንጠረዥ ይሠራል። ለአንድ ሰው አንድ ረድፍ፣ ለአንድ ረድፍ አንድ ቁጥር። ስም መለያ አይሆንም። ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሃይሉ ለእኛ አንድ ስም ነው፤ ለኮምፒውተር ሦስት። የቦታ ስምም አያስተማምንም፤ አበርገሌ በዋግ ኽምራም በትግራይም አለ። ዩቲኤፍ-8 በተባለው የጽሑፍ ኮድ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚወስድ «አበርገሌ» ብቻውን 15 ባይት ነው። የተጠቃሚ ቁጥር ግን ስሙ አጠረም ረዘመ 8 ባይት ነው።

ቀጥሎ የጓደኝነት ሠንጠረዥ። የሰቆጣው ልጅ 17፣ የኒሯቁ 42 ቁጥር ናቸው እንበል። ሁለት ዓምድ ተሠርቶ 17 እና 42 ይገባሉ። ነገ ባለ 42 ቁጥሩ መልሶ ጥያቄ ቢልክስ? 42 እና 17 የሚል ሌላ ረድፍ ይፈጠርና አንዱ ጓደኝነት ሁለት ይሆናል። መፍትሔው አንድ መስመር ነው፦ የግራው ቁጥር ከቀኙ ማነስ አለበት። ይህች መስመር ሌላም ሥራ ትሠራለች። 17 ከ17 ስለማያንስ ማንም የራሱ ጓደኛ መሆን አይችልም። ጥንዱን ዋና ቁልፍ ስናደርገው ያው ረድፍ ሁለቴ አይገባም። ሁለቱን ዓምዶች ከተጠቃሚዎች ሠንጠረዥ ጋር በውጭ ቁልፍ ስናስራቸው የሌለ ሰው ጓደኛ አይኖረውም።

ቁጥሮቹ በመጠን ስለተደረደሩ ጠያቂው ማን እንደሆነ አይታወቅም። ስለዚህ ሦስተኛ ዓምድ የጠያቂውን ቁጥር ይይዛል፤ ከሁለቱ የአንዱ መሆኑም ይረጋገጣል። አራተኛው ጥያቄው የተላከበት፣ አምስተኛው ተቀባይነት ያገኘበት ጊዜ ነው። አምስተኛው ባዶ ከሆነ ጥያቄው ገና መልስ አላገኘም። «በመጠባበቅ ላይ» የሚል ተጨማሪ ዓምድ አያስፈልግም። ሰቆጣ አጠገብ ያለው የውቅር መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ከዐለት የወጣው በመፈልፈል ነው፤ ሠንጠረዥም የሚያምረው ትርፉ ሲነሣለት ነው። ብሎክ ማድረግም እዚህ አይገባም። እሱ ከአንድ ወገን ብቻ ስለሚመጣ የራሱ ሠንጠረዥ ይሠራለታል።

የ42ን ጓደኞች ለማውጣት በሁለቱም ዓምድ መፈለግ ግድ ነው። ዋናው ቁልፍ የግራውን ዓምድ ያፋጥናል። ለቀኙ ሌላ ኢንዴክስ ይጨመራል።

ፌስቡክ የመረጠው ሌላ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 «ታኦ» የተባለውን ሥርዓቱን ሲያስተዋውቅ እንደገለጸው፣ ጓደኝነት በሁለቱም አቅጣጫ ይመዘገባል፦ ከ17 ወደ 42፣ ከ42 ወደ 17። ከ1,000 ጥያቄ 998ቱ ንባብ በሆነበት ቤት ሁለቴ መጻፉ አይከብድም፤ የአንድ ሰው ጓደኞች በአንድ ፍለጋ ይገኛሉ። ዋጋው ግን አለ። ሁለቱ ጽሑፎች የግድ አብረው አይሳኩም፤ አንዱ ተጽፎ ሌላው ከቀረ፣ ጎደሎውን እያየ የሚጠግን ሥራ ከኋላ ይሠራል።

ለአንድ ከተማ ወይም ለአንድ ዩኒቨርሲቲ ድረ ገጽ የሚሠራ ሰው ግን በአንድ ረድፍ ቢጀምር ይሻለዋል። ሠንጠረዡን እንደጨረሰ አምስት የሐሰት ረድፎች ይሞክርበት፦ የተገለበጠ ጥንድ፣ ከራሱ ጋር የተጣመረ ሰው፣ የተደገመ ረድፍ፣ የሌለ ተጠቃሚ፣ ከጥንዱ ውጭ የሆነ ጠያቂ። አንዱን እንኳ ከተቀበለ ሥራው አላለቀም።