ሥጋን ለጅብ አደራ፤ ስለ ሲ. ጄ. ቦክስ «ኦፕን ሲዝን»

የወንጀል ልብ ወለድ ሲነሣ ፊታችንን የምናዞር ብዙ ነን። «እሱ እኮ የጊዜ ማሳለፊያ ነው» እንላለን። በክፍል የምንማረው ድርሰት ሌላ፣ ማታ በትራሳችን ሥር የምንሸጉጠው ሌላ። ታዲያ ሌሊቱን ሙሉ ዓይናችን እስኪቀላ ያነበብነውን መጽሐፍ ጧት ተነሥተን «ርባና የለውም» ብንል ማንን እናታልላለን? ይህን ሒስ የምንጽፈው ከነዚያ ከተሸጎጡት መጻሕፍት አንዱን አውጥተን፣ እንደ ማንኛውም ድርሰት በሚዛን ላይ ልናስቀምጠው ነው።

መጽሐፉ አሜሪካዊው ደራሲ ሲ. ጄ. ቦክስ በ2001 እ.ኤ.አ. ያሳተመው «ኦፕን ሲዝን» ነው። ትርጉሙ «አደን የተፈቀደበት ወቅት» እንደ ማለት ነው። የደራሲው የመጀመሪያ ልብ ወለድ ሲሆን፣ በዚሁ ዘርፍ አንቶኒ፣ ማካቪቲና ባሪ የሚባሉትን የወንጀል ድርሰት ሽልማቶች አግኝቷል። ለእኛ ሽልማት ማስረጃ አይሆንም፤ ማስረጃው መጽሐፉ ራሱ ነው። አንድ ነገር ግን አስቀድመን እንናገር። ማን እንደ ገደለ ሳይገለጥ ስለዚህ ድርሰት ቁም ነገር ማውራት አይቻልም። ያላነበበ አንባቢ ገጹን አጥፎ ያቆየው፤ አንብቦ ሲመለስ እንገናኛለን።

መቼቱ የዋዮሚንግ ክፍለ ግዛት ነው። ስፋቱ 250 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሆኖ፣ ሕዝቡ 600 ሺህ የማይሞላ ተራራማና ነፋሻማ አገር ነው። ደራሲው በዚህ አገር ላይ ሳድልስትሪንግ የምትባል የፈጠራ ከተማ ተክሏል። ዋናው ገጸ ባሕርይ ጆ ፒኬት የዱር አራዊት ጠባቂ ነው። በእኛ አገር በየፓርኩ «ስካውት» የምንላቸውን ሰዎች ያስታውሰናል፤ ሥራው ግን ሰፋ ይላል። የአደን ፈቃድ ይመረምራል፣ ከወቅቱ ውጭ የገደለውን ይቀጣል፣ ያስራል። ሰፊውን ወረዳ የሚዞረው ብቻውን ነው። ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ ይኸ ነው፦ የከተማ ፖሊስ ከሚያገኛቸው ሰዎች ብዙዎቹ ባዶ እጃቸውን ናቸው፤ ይኸኛው ጫካ ውስጥ የሚያገኘው ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል ጠመንጃ ይዟል። ርዳታ ቢጠራ የሚደርስለት ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው።

ቦክስ ታሪኩን የሚጀምረው በዚህ ሥራ ውርደት ነው። ጆ፣ ኦት ኪሊ የተባለውን አዳኝ ያለ ወቅቱ አጋዘን ሲገድል ይይዘዋል። የቅጣት ወረቀት ሲጽፍ ኦት ሽጉጡን ከወገቡ መንጭቆ ይደግንበታል። አይተኩስም፤ ይመልስለታል። ወሬው ግን ከተማውን ያዳርሳል። «ሽጉጡን የተነጠቀው ጠባቂ» ተብሎ ይሳቅበታል። ጀግናውን በመጀመሪያው ምዕራፍ መሳቂያ የሚያደርግ የወንጀል ደራሲ ስንት ነው? እዚህ ላይ አንባቢው ስለ ጆ መሳቀቅ ይጀምራል፤ መሳቀቁም እስከ መጨረሻው አይለቀውም።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ያ ኦት ኪሊ በጥይት ተመቶ፣ የበረዶ ሣጥን ይዞ፣ በጆ ግቢ በማገዶው ክምር ላይ ሞቶ ይገኛል። ሁለት ጓደኞቹም ተራራ ላይ በሰፈሩበት ተገድለዋል። አእምሮው የታወከ አንድ ብቸኛ ሰው በአካባቢው ይገኝና ይተኮስበታል፤ ጥፋቱም በእሱ ላይ ተለጥፎ መዝገቡ ይዘጋል። ጆ ግን ያ ሣጥን አላስተኛውም። ሲፈትሽ፣ ሲፈትሽ፣ ጠፍታለች የተባለች ሚለር ዊዝል የተሰኘች ሸለምጥማጥ መሰል ትንሽ አውሬ በተራራው ላይ እንዳለች ይደርስበታል። በዚያው ተራራ ላይ ደግሞ የጋዝ ቧንቧ ሊያልፍ ታስቧል። አውሬዋ አለች ከተባለ ቧንቧው ይቆማል። የለችም ከተባለ ያልፋል። ወንጀሉ ከዚህ የተወለደ ነው።

ገዳዩስ? የአጎራባች ወረዳ ጠባቂ የሆነው፣ የጆ ባልደረባ፣ ሸሪፍ ለመሆን የሚወዳደረው ዌሲ ሄደማን ነው። ከጀርባው ያለውም ሁለቱን ሥራ ያስተማራቸው፣ የቀድሞው ጠባቂ ቨርን ደንጋን ነው። ቨርን አሁን ለቧንቧው ኩባንያ ይሠራል፤ ለጆም ከመንግሥት ደመወዙ እጅግ የሚበልጥ ገንዘብ የሚያስገኝ ሥራ ያቀርብለታል። ሥጋን ለጅብ አደራ መስጠት ማለት ይኸ ነው።

የመጽሐፉ ትልቅ ቁም ነገር እዚህ ላይ ይመስለናል። ድርሰቱ «ማን ገደለ?» ብሎ ጀምሮ «የአውሬው ሌባ ማነው?» ወደሚለው ይሻገራል። መጀመሪያ ላይ ሌባው ግልጽ ነው፦ ያለ ወቅቱ አጋዘን የጣለው ኦት። መጨረሻ ላይ ግን ኦት ትንሽ ሌባ ሆኖ ይታየናል። ትልቁ ሌባ አንድን የአውሬ ዘር ከነስሙ ከምድር ሊያጠፋ የተነሣው፣ ዱካው የት እንደሚፈለግና የት እንደማይፈለግ ጠንቅቆ የሚያውቀው፣ ሕጉን ያስከብር የነበረው ሰው ነው። የእኛ ሰው «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይላል። ቨርን ይህን ተረት በእንግሊዝኛ የኖረ ሰው ነው። ጆ ደግሞ የመንግሥት ቤት ውስጥ ተጣቦ፣ ከወር ወር እየቆጠረ፣ ነፍሰ ጡር ሚስቱን እያየ፣ ላለመብላት የሚታገል ሰው ነው። የጆ ቁም ነገረኛነት የሚያሳምነን ድህነቱ ስለሚታይ ነው። ያልተፈተነ ንጹሕነት ምን ዋጋ አለው?

«ለአንዲት አይጥ ለምታክል አውሬ ሰው ይገደላል እንዴ?» የሚል አይጠፋም። ደራሲው ከሜዳ ያፈሰው ነገር አይደለም። አሜሪካኖች ሊጠፉ የተቃረቡ ዝርያዎችን የሚጠብቅ ሕግ ያወጡት በ1973 እ.ኤ.አ. ነው። በ1978 ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው በዚሁ ሕግ መሠረት፣ ጣት ለምታክል ስኔይል ዳርተር ለተባለች ዓሣ ሲል በቴነሲ ሊያልቅ የተቃረበውን የቴሊኮ ግድብ አስቁሟል። (በማግሥቱ ዓመት ምክር ቤቱ ግድቡን ከሕጉ ነፃ አውጥቶ አስጨርሶታል፤ ይኸም ራሱ አንድ ልብ ወለድ ይወጣዋል።) በዋዮሚንግም ጠፍቷል ተብሎ የታመነው ጥቁር እግር ፌሬት በ1981 ሚቲትሲ በምትባል ቦታ እንደገና ተገኝቷል። ያገኘው ሳይንቲስት አልነበረም፤ የአንድ ከብት አርቢ ውሻ ገድሎ ወደ ቤት ይዞት መጣ። ሚለር ዊዝል የፈጠራ ብትሆንም የእውነት ዘመድ አላት ማለት ነው።

በጠባቂና በአዳኝ መካከል ያለው ደምም የፈጠራ አይደለም። በጥር 1981 እ.ኤ.አ. በአይዳሆ በረሃ ክሎድ ዳላስ የተባለ ወጥመደኛ፣ ስለ ሕገ ወጥ አደኑ ሊጠይቁት የመጡትን ቢል ፖግና ኮንሊ ኤልምስ የተባሉ ሁለት ጠባቂዎች ገደለ። በ1982 የተሰየሙት ዳኞች ግን በግፍ ግድያ ሳይሆን ቀለል ባለው የሰው መግደል ወንጀል ፈረዱበት። ሠላሳ ዓመት ተፈረደበት፤ በ1986 ከወኅኒ አመለጠ፣ በ1987 ተያዘ፣ በ2005 ተፈታ። ይህ ሰው በብዙዎች ዘንድ እንደ ጀግና ተወርቶለታል። እኛ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለብንም። በፉከራችን «ገዳይ» ማለት ምስጋና እንጂ ስድብ አልነበረም፤ ዝሆንና አንበሳ የጣለ ሰው ስሙ ከፍ ብሎ ተጠርቷል። ጫካ ገብቶ በገዛ እጁ የሚያድር፣ ማንንም የማይለማመጥ ሰው ልብ ይስባል። ቦክስ ይህን ስሜት ያውቃል። ኦትን ስንጠላው እንኳ ከከተማው ሸሪፍ ይልቅ እሱ የጫካ ሰው መሆኑን አንረሳም።

በአጻጻፍ በኩል ትልቁ ስኬት የጆ ልጅ የሼሪዳን ክፍሎች ናቸው። ደራሲው አንዳንዴ ከጆ ትከሻ ወርዶ በሰባት ዓመት ልጅ ዓይን ያያል። ሟቹን መጀመሪያ ያየችው እሷ ናት፤ «ጭራቅ መጣ» ብላ ነው የገባት። እነዚያን አውሬዎች ማገዶው ሥር ያገኘቻቸውም እሷ ናት። ከታናሿ ጋር ሆና ከቤት ምግብ እየደበቀች ትመግባቸዋለች። እንግዲህ አስቡት፦ መንግሥት፣ ኩባንያ፣ ሸሪፍና ሳይንስ የሚራኮቱበትን ፍጡር በእርግጥ የሚጠብቅለት ከልጅ በቀር ማንም የለም። ደራሲው ይህን በስብከት አይነግረንም፤ ጎንበስ ብላ ስትመግብ ብቻ ያሳየናል። ገዳዩ ምሥጢሯን ደርሶበት ሲያስፈራራት የሚይዘን ፍርሃት ከማንኛውም የተኩስ ትዕይንት ይበልጣል።

ጉድለቱንም እንናገር፤ ሒስ ውዳሴ ብቻ ከሆነ የሠርግ ዘፈን ነው።

አንደኛ፣ ደራሲው የሕጉን አንቀጾች በየክፍሉ መግቢያ እየጠቀሰ፣ ታሪኩን ግን «ሕጉ ባይጠብቅ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ» ወደሚል ስሜት ያዘነብለዋል። ሕግ ሰውን ወደ ክፋት ሊገፋ መቻሉን አንክድም። መሬቱ እንዳይወሰድበት ፈርቶ ያየውን አውሬ ገድሎ የሚቀብር ገበሬ ሊኖር ይችላል። ዌሲ ግን ገበሬ አይደለም፤ ሹመት ፈላጊ ነው። ቨርንም የሚያጣው መሬት የለውም። የእነዚህን ስግብግብነት ለሕጉ ማሸከም የወንጀለኛውን ጠበቃ ሆኖ መቆም ነው።

ሁለተኛ፣ ኩባንያው ፊት የለውም። ቧንቧው ለማን እንደሚጠቅም፣ ማን እንደ ወሰነ፣ በአብዛኛው ከመድረክ ውጭ ይቀራል። ጥፋቱ ሁሉ በሁለት ብልሹ ሰዎች ጫንቃ ላይ ይጫንና በጥይት ይወራረዳል። ጥይት «ማን ገደለ?» ለሚለው መልስ ይሆን ይሆናል፤ «ማን ገዛቸው?» ለሚለው ግን መልስ አይሆንም። ልብ ሰቀላው እንዲረካ ሲባል የተነሣው ጥያቄ ተቀበረ።

ሦስተኛ፣ የጆ ሚስት ሜሪቤት። እስከ መካከሉ ድረስ ጠንካራ፣ አስተዋይ ሰው ሆና ትታያለች። በኋላ በጥይት ትቆስላለች፣ ጽንሷንም ታጣለች። ይህ ሁሉ ሲሆን ግን ትኩረቱ በእሷ ሐዘን ላይ ሳይሆን በባሏ ቁጣ ላይ ነው። የሴት ቁስል የወንድ ጀግንነት ማገዶ የሆነበትን ድርሰት ከዚህ በፊትም ብዙ አንብበናል፤ ቦክስን ከመሰል ደራስያን የሚለየው ችሎታ እዚህ ላይ አንቀላፍቷል።

አራተኛውና እኛን ይበልጥ የከነከነን የኦት ቤተ ሰብ ነገር ነው። ኦት ሚስት አለው፤ ቤቱ ውስጥ ኤፕሪል የምትባል ትንሽ ልጅ አለች። አባወራው ከሞተ በኋላ እነዚህ ሁለቱ በገጾቹ መካከል ብልጭ ብለው ይጠፋሉ። የጠባቂው ልጆች ስም፣ ፍርሃትና ምሥጢር አላቸው፤ የሌባው ልጅ ስም ብቻ አላት። አንድ ሰው ከወቅቱ ውጭ አጋዘን ሲገድል ሥጋውን ማን እንደሚበላው፣ ሲታሰር ወይም ሲሞት ማን እንደሚራብ ካልተነገረን የተሰጠን የታሪኩ ግማሽ ነው።

ለደራሲው ምስጋና ይድረሰውና ይህን ዕዳ እሱም ያወቀው ይመስላል። በ2003 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ዊንተርኪል» ላይ ወደ ኤፕሪል ተመልሷል፤ የጆ ቤትም ለእሷ በሩን ከፍቷል። እኛ ግን በመጀመሪያው መጽሐፍ ላይ ነን። ስለዚህ ፍርዳችን ይኸ ነው፦ «ኦፕን ሲዝን» በትራስ ሥር የሚሸጎጥ መጽሐፍ አይደለም። ጠባቂን መልአክ፣ አዳኝን ሰይጣን አላደረገም፤ ባጅ የለበሰውንም መርምሯል። ግማሽ መንገድ ሄዶ ሽጉጥ በመምዘዙ ግን እናዝናለን።

«የወንጀል ልብ ወለድ ከዚህ በላይ አይጠየቅም» የሚል ወዳጅ ካለ በሚቀጥለው እትም ይጻፍልን፤ እንከራከራለን። ስንከራከር ግን ስለ ዌሲ ሽጉጥ ሳይሆን በዚያ የአደን ወቅት ኤፕሪል ምን በልታ እንዳደረች እንዲነግረን እንጠይቀዋለን።