ደጅ ላይ የቆመው ቫምፓየር

የመጀመሪያው ልቦለዴ ሲያልቅ ባለታሪኬ አሸንፎ ነበር። ሁለተኛውን ልጽፍ ስቀመጥ ያ ድል እጄን አሰረኝ።

ባለታሪኬ ዋሽንግተን ውስጥ፣ ምድር ቤት ፓርኪንግ በሌሊት ፈረቃ የሚሠራ ሐበሻ ቫምፓየር ነው። ዝቅ ያደረግኩት አውቄ ነው። ጆን ፖሊዶሪ በ1819 ያመጣው ቫምፓየር ሎርድ ነበር፤ የብራም ስቶከሩ ድራኩላም በ1897 የመጣው ባለ ግንብ መስፍን ሆኖ ነው። የእኔው የቤት ኪራይ ይከፍላል፤ የሰው መኪና ቁልፍ ሲቀበልና ሲመልስ ያድራል። የከተማው ትልልቅ ቫምፓየሮች ስሙን እንኳ አይጠሩትም ነበር።

በመጨረሻው ምዕራፍ ግን እነሱን ጣላቸው። ከዚያ በኋላ ማን ይንቀዋል? መጀመሪያ የታየኝ ጉልበቱን መልሶ መንጠቅ ነበር። በዚያ መንገድ ብዙ ገጽ ሄጄ ጣልኩት። አንባቢ አብሮት ደክሞ ያገኘውን በአንድ ምዕራፍ መውሰድ ክህደት ነው፤ ይህን የሚያደርጉ መጻሕፍት ዛሬም ያናድዱኛል።

መንገዱን ያሳየችኝ የቫምፓየር ልቦለድ ጸሐፊዋ አን ራይስ ናት። በ1976 በወጣው መጽሐፏ አንዱ ቫምፓየር ሉዊ ሲተርክ ሌላው ቫምፓየር ሌስታት ጨካኝ ነበር፤ በ1985 በወጣው ተከታይ ተራኪው ራሱ ሌስታት ሆነ። የተለወጠው የሚያየው ዐይን ነው። እኔም ባለታሪኬን ሳልነካ ዙሪያውን ለወጥኩ።

ከወቅቱ ጀመርኩ። የስቶከሩ ድራኩላ በቀን ይወጣል፤ ፀሐይ የሚገድለው ቫምፓየር በ1922ቱ ኖስፌራቱ ፊልም የመጣ ነው። እኔ የፊልሙን ሕግ ያዝኩ። የመጀመሪያው መጽሐፍ በዲሴምበር ነበር፣ ፀሐይ ከ11 ሰዓት በፊት በምትጠልቅበት። ሁለተኛውን ጁን ላይ አደረግኩት። ፀሐይዋ እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል አትወርድም፤ ፈረቃው የሚጀምረው 1 ሰዓት ነው። ጌቶቹን የጣለው ሰው በየማታው አርፍዶ አለቃውን ይለምናል።

ዋናው ግን በሩ ነው። በስቶከር መጽሐፍ ቫምፓየር ከቤቱ ሰው አንዱ ግባ ካላለው አይገባም፤ አንዴ ከተባለ በኋላ እንዳሻው ነው። በእኛ ቤት ደግሞ ግባ የማይባል እንግዳ የለም። በመጀመሪያው መጽሐፍ ጎረቤቱ እትዬ «ግባ እንጂ ልጄ፣ ደጅ ላይ ምን ያቆምሃል?» ብለውት ነበር። ቡና ይቀዱለታል፤ አቦሉ እጁ ላይ ይቀዘቅዛል። እሳቸው እንዳላዩ ሆነው ይደፉና ቶናውን ይቀዱለታል። ያንን ትዕይንት ስጽፍ አለቀስኩ።

በሁለተኛው ማንነቱን ሰምተዋል። ቤት ቀይረውም ሲልቨር ስፕሪንግ ገብተዋል፤ አዲስ ቤት ደግሞ አዲስ «ግባ» ይፈልጋል።

መጽሐፉ የሚከፈተው እዚያ ደጅ ላይ ነው። በጉልበቱ በሩን ከነመቃኑ መንቀል ይችላል፤ ደፉን ግን መሻገር አይችልም። «ቤቶች!» ይላል። ቡና ሲቆላ ይሸተዋል። የነጠላ ጫማ ድምፅ እስከ በሩ መጥቶ ይቆማል።

ቀጣዩን ዐረፍተ ነገር ስድስት ጊዜ ጽፌ፣ ስድስቱንም ጊዜ «ግባ» የሚለውን ሰረዝኩት። አሁን እትዬ በሩን ሳይከፍቱ ይጠይቁታል፦ «ለካ ቡናዬን አንድ ቀንም ያልጠጣኸው ለዚህ ነው?»