ዘሩ ብቻ ይበቃልን? ስለ ፎገራ የዱር ሩዝ የቀረበ አጭር ሒስ

ስለ እህል ማዳቀል በሚደረገው ክርክር አንድ አሳብ ደጋግመን እንሰማለን፤ ይኸውም «የዱር ዘመዶች ዘር በጂን ባንክ እስከ ተቀመጠ ድረስ፣ የሚበቅሉበት ረግረግ ቢታረስ ጉዳት የለውም» የሚል ነው። እኛ ይህን አሳብ በፎገራ ሜዳ ሩዝ መዝነን ጎዶሎ ሆኖ አግኝተነዋል።

የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው በሚተኙበት በዚህ ሜዳ ሁለት ዓይነት ሩዝ ይገኛል። አንዱ ገበሬው የሚዘራው ነው፤ ለነጭነቱ የሚወደደው ኤክስ ጅግና ከዚህ ወገን ነው። ሁለተኛው ማንም ሳይዘራው በረግረጉ የሚበቅለው፣ ሊቃውንት ኦሪዛ ሎንጊስታሚናታ የሚሉት የዱር ሩዝ ነው። የዱሩ ፍሬ ጥቂት ነው፤ እርሱም ሳይታጨድ ይረግፋል፤ ተክሉም ከመሬት ሥር እየተዘረጋ ማሳ ይወርራል። ስለዚህ ገበሬው እንደ አረም ቢነቅለው አይፈረድበትም።

ነገር ግን ይኸው ዝርያ በሌላ አገር ምን እንደ ሠራ እንመልከት። ከማሊ ከተገኘ ተክል፣ ባክቴሪያ የሚያመጣውን የቅጠል በሽታ የመቋቋም ባሕርይ በማዳቀል ወደ እርሻ ሩዝ ተላልፏል፤ ጂኑም እ.ኤ.አ. በ1995 ተለይቶ ታውቋል። በቻይና የዩናን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም በዚሁ ዝርያ አማካይነት፣ አንዴ ተተክሎ አራት ዓመት ያህል የሚታጨድ ሩዝ አውጥተው እ.ኤ.አ. በ2018 ለገበሬዎች አቅርበዋል።

የዘር ማከማቻን ጥቅም አንክድም። ሆኖም ይህ ተክል በራሱ ብናኝ አይፀንስም፤ ዘሩን የሚሰጠው ከሌላ ተክል ጋር ተዳቅሎ ስለ ሆነ አንዱ ከሌላው ይለያል። ስለዚህ ከጥቂት ተክሎች የተለቀመ ዘር የሜዳውን ባሕርይ ሁሉ አይዝም። ከዚህም በላይ በማከማቻ ያለው ዘር ተኝቷል፤ በረግረጉ ያለው ግን ከጎርፍ፣ ከብርድና ከበሽታ ጋር በየዓመቱ ይታገላል። ፎገራ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ በመሆኑ ብርድ የሩዙን ፍሬ ያመክናል። በዚያው ብርድ ውስጥ የሚኖረው የዱር ሩዝ ለዚህ መድኃኒት ይዞ እንደ ሆነ መመርመር የሚቻለው ሳይጠፋ ነው።

እንግዲህ በወረታ የሚገኘው የፎገራ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማእከል ሥራውን ለመፈጸም ከማሳው ሌላ ሕያው ረግረግም ያስፈልገዋል እንላለን። ጥቂት ቦታ ተከልሎ ይጠበቅ፤ ነገር ግን ጥቅሙ የአገር ሁሉ ሲሆን ዋጋውን የረግረጉ ባለ ማሳ ብቻውን እንዲከፍል ማድረግ ፍርደ ገምድልነት ነው። ካሣው አብሮ ይታሰብ።