የመንዝ ማዕድና «ሰምና ወርቅ»

ስለ መንዝ የተጻፈ አንድ መጽሐፍ ጥራ ብባል፣ እንደ ብዙዎቻችሁ ሁሉ እኔም ቶሎ የሚመጣልኝ የፕሮፌሰር ዶናልድ ሌቪን «ሰምና ወርቅ» ነው። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ተጽፎ በ1965 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ላይ ከታተመ ወዲህ፣ ስለ አማራ ገበሬ ባሕርይ መናገር የሚሻ ሁሉ፣ ለማድነቅም ይሁን ለመንቀፍ፣ ከእርሱ ሳይጨልፍ አያልፍም። እኔም በተማሪነቴ ከጨለፉት አንዱ ነበርኩ። በቅርቡ ግን መሐል ሜዳ ደርሼ ስመለስ እንደገና ባነበው አንድ ነገር ጎረበጠኝ።

አስቀድሞ ለባለቤቱ የሚገባውን ምስጋና ልስጥ። ሌቪን መንዝን በሩቁ አልጻፏትም፤ ከገበሬው ጋር ተቀምጠዋል። ከመጽሐፉ አንድ ዓመት ቀደም ብለውም ስለ መንዝ ታሪክና ባህል ብቻ የሚናገር ጥናት አሳትመዋል። ያን ጊዜ የኢትዮጵያ ጥናት በአብዛኛው በነገሥታት ዜና መዋዕልና በብራና ዙሪያ ሲሽከረከር፣ ባና የለበሰውን ገበሬ የመጽሐፍ ባለቤት ማድረግ ትልቅ ነገር ነበር።

ታዲያ የጎረበጠኝ ምንድን ነው? ሌቪን አንድ ምዕራፍ ለአፍ ሰጥተዋል። መብሉን፣ መጠጡን፣ ጾሙንና ንግግሩን በሥነ ልቦና መነጽር ይመለከቱና ከዚያ የሰውየውን ባሕርይ ለማንበብ ይሞክራሉ። ብልህ ንባብ ነው። ነገር ግን ከአፉ በፊት ማሳ አለ፤ ከማሳውም በፊት ውርጭ አለ።

መሐል ሜዳ ባረፍኩበት ቤት የቀረበልኝ የገብስ እንጀራ በባቄላ ሽሮ ነበር። ጠላውም የገብስ ነው። በማግስቱ ለመንገዴ በሶ ተቋጠረልኝ። «ልጄ፣ ያለን ይኸው ነው፤ ብርዱን ግን ይችለዋል» አሉኝ እናትየዋ። ገብስ የእህል ንጉሥ ነው የሚባለው በዚህ አገር ለወግ አይደለም። ጤፍ በማይደፍረው ብርድ በቅሎ ቆሎ፣ ቅንጬ፣ ገንፎ፣ ጭኮ ይሆናል። ገለባው ከፍሬው የማይጣበቀውን ዓይነት፣ ሙቀጫና ድካም ስለማይጠይቅ፣ «ሰነፍ ቆሎ» ይሉታል። ጤፍና ማሽላ የሚገኘው ወደ መርሐቤቴ ወርደው ጀማን ሲጠጉ ነው። ደጋው ላይ በልጉ ከቀረ ወይም ውርጭ ከመታው ማዕዱ ይራቆታል። እንዲህ ባለ አገር ሰው ስለ እህል አብዝቶ ቢያስብ፣ ምክንያቱን ከልጅነት አስተዳደጉ በፊት ከሰማዩ ብንፈልገው አይሻልም?

ዋናው ክርክሬ ግን ከመጨረሻው ምዕራፍ ጋር ነው። ሌቪን እዚያ አማራው ለራሱ የቆመ፣ ለጋራ ጉዳይ የመደራጀት ልማዱ የሳሳ ሰው ነው ወደሚል ድምዳሜ ያደላሉ። በርስት የሚካሰሰውን፣ ለጌታው አድሮ ሹመት የሚጠብቀውን ላየ ሰው ይህ እውነትነት አለው። ይሁን እንጂ ከዚያው ከመንዝ፣ ከጌራ ምድር ጓሳ የሚባል ሜዳ አለ። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር ከፍ ብሎ 100 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ይሰፋል። ሣሩ ቤት ይከድናል፣ ገመድ ይሆናል፤ በድርቅ ጊዜ የሚያርሰውን በሬ ያቆያል። ይህን ሜዳ ያገሬው ሰው ራሱ በመረጠው አለቃ ሥር፣ ለዓመታት ዘግቶ ሣሩ ሲደርስ ብቻ እየከፈተ ለብዙ ትውልድ ጠብቆታል። ለየራሱ ብቻ የቆመ ሰው ለምለም ሣር በዓይኑ እያየ፣ በሬው እየከሳ፣ የጋራ ቀኑን ይጠብቃል?

ሥርዓቱን ማሞካሸትም አልፈልግም። መብቱ የአስቦና የጌራ ዘር ነን ለሚሉ ባለርስቶች ነበር፤ ሌላው ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ያይ ነበር። ስለዚህ የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ርስትን ሲሽር ይህም አብሮ ቢወድቅ ፍትሕ የለውም አይባልም። የወደቀው ግን ባለርስትነቱ ብቻ ሳይሆን ጥበቃውም ጭምር ነበር፤ ሜዳው ለማንም ክፍት ሆነ። ኋላ ነዋሪዎቹ እንደገና መክረው ጥበቃውን በአዲስ መልክ አቆሙት፤ የክልሉ መንግሥትም በሕግ አወቀው።

እዚህ ላይ ከሰሜን ጣሊያን አንድ ምሳሌ ልዋስ። በቬኔቶ ክፍለ ሀገር፣ በኮርቲና ዳምፔዞ፣ «ሬጎሌ» የሚባሉ የጥንት ነዋሪ ቤተሰቦች ማኅበራት ደኑንና ግጦሹን በጋራ ይዘው ኖረዋል። እዚያም መብቱ በዘር ሐረግ የሚሄድ ነው። በ1990 እ.ኤ.አ. የዚያ ተራራ የተፈጥሮ ፓርክ ሲቋቋም፣ የክፍለ ሀገሩ መንግሥት አስተዳደሩን ለእነዚሁ ማኅበራት ሰጠ። የአልፕሱን ገበሬ የጋራ ኑሮ ምሳሌ ካልን፣ የመንዙን ገበሬ በምን ሚዛን ነው ብቸኛ የምንለው?

ነገሩ የሊቃውንት ክርክር ብቻ ቢሆን ኖሮ ባላነሳሁት። መንዜ በጋራ ነገር አይስማማም ብለን ካመንን፣ ሜዳውንም በጉንም ከላይ በሚወርድ ትእዛዝ ካልሆነ አይጠበቅም ማለታችን ነው። እንዲህ ያለ እምነት ደግሞ ከመጽሐፍ ወጥቶ መመሪያ ለመሆን ጊዜ አይፈጅበትም። «ሰምና ወርቅ»ን ዛሬም አንብቡት እላለሁ። ነገር ግን ያን የመጨረሻ ምዕራፍ ስታነቡ ጓሳን ከአጠገቡ አስቀምጡት። እኔ ሳነበው የእናትየዋ በሶ ገና አላለቀም ነበር።