ለጂፒአይኦ 0 የቀረበ ምስጋና

ቦርድ ላይ የተበየደ ቺፕ ፕሮግራሙ ሲበላሽ ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያስበው ነቅሎ ማውጣትን ነው። ኢኤስፒ32 ይህን አይጠይቅም። የሻንጋዩ ኤስፕሬሲፍ በ2016 እ.ኤ.አ. ለገበያ ያቀረበው ይህ ቺፕ፣ ኃይል ሲያገኝ ወይም ሪሴት ሲደረግ አስቀድሞ ጂፒአይኦ 0 የተባለችውን እግሩን ይመለከታል። ከፍ ባለ ቮልቴጅ ላይ ካገኛት ፍላሽ ሜሞሪ ላይ ያለውን ፕሮግራም ያስነሳል፤ ከግራውንድ ጋር ተገናኝታ ካገኛት ግን ያንን ትቶ በሲሪያል መስመር አዲስ ፕሮግራም ይጠብቃል።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚያስደንቀኝ ይህን የሚያደርገው ኮድ ያለበት ቦታ ነው። ቺፑ ሲመረት ሮም በሚባለው የማይቀየር ሜሞሪ ውስጥ አብሮ የተቀረጸ ስለሆነ በማንም ስህተት አይጠፋም። ፍላሹ በሙሉ ቢደመሰስ እንኳ፣ የመሣሪያው አምራች ሆን ብሎ ኢፊውዝ በሚባለው የማይመለስ የቺፑ መቆለፊያ ካልዘጋው በቀር፣ መመለሻው መንገድ አለ። ለጀማሪ ተማሪም ሆነ ለጥገና ባለሙያ ከዚህ የበለጠ ድፍረት የሚሰጥ ነገር አላውቅም።

አዲሱን ፕሮግራም ለመጫን የሚያስፈልገው ጥቂት ሽቦና በ3.3 ቮልት የሚሠራ የዩኤስቢ ሲሪያል መቀየሪያ ነው፤ 5 ቮልት ቺፑን ሊጎዳ ይችላል። ብዙ የመለማመጃ ቦርዶች ላይ ደግሞ ሁለት ትናንሽ ትራንዚስተሮች ሪሴቱንም ጂፒአይኦ 0ንም ከኮምፒውተሩ ትእዛዝ ተቀብለው ያንቀሳቅሳሉ፤ እጅግ ያማረ ንድፍ ነው!

ቦርድ የምትነድፉ ሁሉ፣ አደራ፦ ለጂፒአይኦ 0፣ ለሪሴት፣ ለሲሪያል መስመሮቹ (ቲኤክስና አርኤክስ) እንዲሁም ለግራውንድ የመንኪያ ነጥብ ሳታወጡ ንድፉን ለፋብሪካ አትላኩ። ጂፒአይኦ 2 የተባለችውን ሌላዋን እግርም ቺፑ ሲነሳ ከፍ ባለ ቮልቴጅ አትያዟት፤ ይህን የመመለሻ መንገድ ትዘጋለች።